ጫማ፣ ፀጉር፣ ነጠላ

ዩኒፎርም ተማሪን ሁሉ እኩል ያደርጋል ይባላል። እኔ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠዋት ሰልፍ ላይ ከፊት ለቆመ ሰው እውነት ይመስላል፤ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሁሉም አንድ ቀለም ነው። ዓይኑን ዝቅ ካደረገ ግን ጫማ ያያል። ዩኒፎርሙ ያስወጣው ፉክክር በጫማ በኩል ተመልሶ ይገባል። የትኛው ኦሪጅናል፣ የትኛው ኮፒ፣ የትኛው የዓምና እንደሆነ ልጆቹ ከሩቅ ይለያሉ። ከጫማ ቀጥሎ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ቀጥሎ ፀጉር፣ ከዚያ ደግሞ ሱሪ ይመጣል። መስከረም በጠባ ቁጥር የሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች በር ላይ የዩኒፎርም ሱሪ ለማስጠበብ የሚሰለፍ ልጅ የሚበዛበት ጊዜ ነበር። ልጁ ያስጠብባል፣ ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ይዞ ይመልሰዋል፣ ልጁ እንደገና ያስጠብባል። አሁን ቦላሌው ተመልሶ ስለ መጣ፣ ትናንት የጠበበውን ዛሬ ተርትሮ ማስለቀቅ ሆኗል ሥራው።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ትምህርቷን የምትወድ፣ ክፍል ውስጥ እጇን ቀድማ የምታወጣ ልጅ ናት፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የምትገባው ሰልፍ ካለቀ በኋላ ነው። አርፋጆች በሚቀጡበት በር በኩል፣ ቅጣቷን ተቀብላ። ቤቷ ሩቅ መስሎኝ ብቻዋን ጠርቼ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ ቆየችና «ቲቸር፣ ሰልፍ ላይ ጫማ ያያሉ» አለችኝ። ከዚህ በላይ አላብራራችም፤ ማብራራትም አያስፈልጋትም ነበር። በእሷ ሚዛን የአርፋጅ ቅጣት ከሰልፉ ዓይን ይቀላል። ትምህርት የሚወድ ልጅ የትምህርቱን የመጀመሪያ ሰዓት ለጫማ ሲል ሲገብር ማየት ያመኛል። ይህን የምጽፈው ያ ሕመም ስላልተወኝ ነው።

ስለ እኩያ ግፊት ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ሲጋራ፣ ጫት፣ መጠጥ ነው። ወላጅ ስብሰባ ላይም የሚነሣው እሱ ነው። ትክክል ነው፣ ያስፈራል። ነገር ግን ልጅ «እምቢ» ማለትን ወይም «እሺ» ማለትን የሚለማመደው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ ማንም በማይቆጥራቸው ትንንሽ ነገሮች ላይ ነው። በጫማ፣ በፀጉር አቆራረጥ፣ በአነጋገር፣ በሚያዳምጠው ዘፈን። «ፋራ» ላለመባል ሲል የሚወደውን ነገር መደበቅ የለመደ ልጅ፣ ትልቁ ነገር ሲመጣ እምቢታን ከየት ያመጣዋል? በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ብቻቸውን ሲሆኑና ጓደኛ ሲያያቸው ያላቸው ልዩነት እኛ መምህራን በየቀኑ የምናየው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ ይህንኑ በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ ፈትሸውት ነበር። ጓደኛ አጠገባቸው ሆኖ የተጫወቱት ታዳጊዎች ብቻቸውን ከተጫወቱት ይልቅ አደጋ ደፋሪዎች ሆኑ፤ ትልልቆቹ ላይ ግን ጓደኛ መኖሩ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

ያ ማለት ግን ትልልቆቹ ነፃ ነን ማለት አይደለም። የእኛ ግፊት መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም።

ፀጉሬን መተኮስ ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ በፊት በየሳምንቱ መጨረሻ ፀጉር ቤት እሄድ ነበር፤ መታጠብ፣ ቢጉዲን መጠቅለል፣ ካስክ ውስጥ መግባት፣ ከዚያ ፓይስትራ። የቅዳሜ ግማሽ ቀን እዚያ ያልቃል። ደግሞ ዝናብ አለ፣ ላብ አለ፣ ፀጉሬ በባሕርይው ተጠቅልሎ ለመመለስ የሚፈልግ ፀጉር ነው። አንድ ክረምት ተውኩት። አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ እንዳደገ ለቀቅኩት፤ ሲያሰኘኝ ሹሩባ ተሠራሁ። ትምህርት ሲከፈት መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ የተቀበሉኝን ጥያቄዎች አልረሳም። «ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» «ሐዘን ደረሰብሽ?» ዕድሜዋ ከእኔ ከፍ የሚል፣ ከልቧ የምትወደኝ ባልደረባዬ ደግሞ ሻይ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኅቴ፣ ለአንቺ ብዬ ነው የምነግርሽ፤ ሰው ራሷን ጣለች ይላል» አለችኝ።

እኛ አገር ጫናው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ከጥላቻ ሳይሆን ከማሰብ። ያዘነች ሴት ፀጉሯን አትሠራም፤ ስለዚህ ያልተተኮሰ ፀጉር ያየ ሰው ማዘኔን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ለዚህ ነው መቋቋሙ የሚከብደው። የሚሰድብህን ሰው እምቢ ማለት ቀላል ነው፤ ሻይ ይዞልህ የመጣውን ሰው እምቢ ማለት ግን ፍቅሩን የመለስክ ያህል ይሰማሃል። ይሉኝታ የሚይዘንም እዚያ ላይ ነው። ያን ቀን አልተከራከርኩም። ስለ ፀጉር ተፈጥሮ ወይም ስለ ሴቶች ነፃነት ንግግር አላደረግሁም፤ እጇን ይዤ አመሰገንኳት፣ ደህና መሆኔን፣ ሐዘንም እንደሌለብኝ ነገርኳት፣ በማግስቱ ያንኑ ፀጉር ይዤ መጣሁ። በሦስተኛው ሳምንትም እንዲሁ። ክርክር ሌላ ክርክር ይወልዳል፤ ቀን በቀን ሳይቆጡ፣ ሳይኮሩ፣ ያንኑ ሆኖ መገኘት ግን ሰውን ያለማምዳል። ጥቅምት ሳያልቅ ጥያቄው ቆመ። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ አዲስ የተቀጠረች ወጣት የኬሚስትሪ መምህርት ፀጉሯን ሳትተኮስ መምጣት ጀመረች። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

እሷን ሳስብ ሁልጊዜ የሰሎሞን አሽ ሙከራ ትዝ ይለኛል። አሽ ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወጣት ወንድ ተማሪዎችን በቡድን ያስቀምጥና አንድ መስመር ያሳያቸዋል፤ ከዚያ ከሌሎች ሦስት መስመሮች ውስጥ በርዝመት ከእሱ እኩል የሆነውን በየተራ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ይጠይቃል። ጥያቄው ለማንም ዓይን ላለው ሰው የሚያሳስት አይደለም። ነገር ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም ከአሽ ጋር የተስማሙ ናቸው፤ ከ18ቱ ዙር በ12ቱ ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያ ምንም የማያውቀው ልጅ ምን ያደርጋል? በእነዚያ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች ሲሶ ያህሉ ቡድኑን ተከትለው የተሳሳቱ ሆኑ። ከአራት ተሳታፊዎች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው የሚያየውን ትተው ሌሎቹ ያሉትን አሉ።

ብዙ ሰው ይህን ሙከራ ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል፤ የሰው ልጅ መንጋ ነው ብሎ ይደመድማል። እኔን ግን የሚይዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አሽ በቡድኑ ውስጥ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ሲጨምር፣ ቡድኑን ተከትሎ መሳሳቱ በእጅጉ ወደቀ። ብዙ ሰው አላስፈለገም፤ አንድ በቂ ነበር። ልጁ መልሱን ጮክ ብሎ ከመናገር ይልቅ በወረቀት እንዲጽፍ ሲደረግም ስሕተቱ ቀነሰ። ዓይኑ አልተበላሸም ማለት ነው፤ የጎደለው አብሮት የሚቆም ሰው ነበር። ኬሚስትሪ መምህርቷ ድፍረቱን ከእኔ አገኘች አልልም፤ የራሷ ነው። እኔ ግን እሷ ከመጣች በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ትከሻዬ ሲቀልለኝ ተሰምቶኛል።

ይህን ያነበበ ሰው፣ ሁሉን እምቢ ማለት ነው እንግዴህ ብሎ እንዳይወስድብኝ እፈልጋለሁ። የራስ ስታይል ማለት ከሰው ሁሉ ተለይቶ መታየት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ፤ እሱም ቢሆን ሰውን እያዩ መልበስ ነው፣ በተገላቢጦሽ። ነጠላን ተመልከቱ። አንድ ነጭ ስስ ጨርቅ ነው፣ ጫፉ ላይ ጥለት ያለበት። ሐዘን ላይ አዘቅዝቀን ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገታችን እናመጣዋለን። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በመስቀለኛ እናጣፋዋለን። የሚያስተናግድና የሚታዘዝ ሰው ያደገድገዋል። ሩቅ ያለ ሰው የነጠላውን አጣጣል ብቻ አይቶ ልቅሶ ይሁን ደስታ ያውቃል። ልቅሶ ቤት ውስጥ «እኔ የራሴ ስታይል አለኝ» ብሎ ጥለቱን ወደ ታች ለቆ የሚቀመጥ ሰው ስታይል የለውም፤ ያዘነውን ሰው አላየውም።

ስለዚህ ለራሴ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ባላደርግ የሚጎዳ ሰው አለ? ካለ፣ ማነው? የሚጎዳው ልጇን የቀበረች እናት ከሆነች ጥቁር እለብሳለሁ፣ ነጠላዬን አዘቀዝቃለሁ፣ ከልቤ ነው የማደርገው። የሚጎዳ ማንም ከሌለ፣ ያለው የሚያይ ዓይን ብቻ ከሆነ ግን፣ ያ ዓይን የእኔን ደመወዝና የእኔን ቅዳሜ እንዲወስን አልፈቅድለትም።

ጥያቄው ሁልጊዜ ቀላል መልስ የለውም። ሰርግ ላይ በተለይ። አሁን የሙሽራ ጓደኞች አንድ ዓይነት ጨርቅ መርጠው አንድ ዓይነት አሰፍተው መገኘት እንደ ግዴታ ተይዟል። ከሰርጉ ቀን ሌላ ለመልስ፣ ለመልስ ካልሆነ ለብራይዳል ሻወር፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ ፎቶ ይላካል፣ «ሁላችሁም ይሄን» ይባላል። ዋጋውን የሚጠይቅ ሰው የለም፤ መጠየቅ ራሱ ያሳፍራል። የወር ደመወዟ ለዚያ አንድ ቀሚስ የማይበቃ ሴት ተበድራ ታሰፋለች፣ ቀሚሱ አንድ ቀን ተለብሶ ቁም ሳጥን ይገባል። አንዷ ጓደኛዬ ስታገባ ግሩፑ ላይ ምንም ሳልጽፍ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። የእናቴን ጥልፍ ቀሚስ ለብሼ መምጣት እንደምፈልግ፣ ለጨርቁ የማወጣውን ደግሞ ጠዋት ከእናቷ ጋር ሆኜ እንግዳ በመቀበልና ድግሱን በማገዝ እንደምተካ ነገርኳት። ሳቀች፣ አቀፈችኝ፣ «እማዬ ትወድልሻለች» አለች። ሌላዋ ግን ተመሳሳይ ነገር ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ። ብዙ ዘመድ የሌላት ልጅ ናት። በጎኗ አንድ ሆነው የሚቆሙት ሴቶች ለእሷ ቤተሰቧ ነበሩ፤ ፎቶው ላይ አንዲት ብትለይ ጎድሎ የሚታየው የቤተሰቧ ሰልፍ ነው። አሰፋሁ። ያን ቀሚስ እስከ ዛሬ ቅር ብሎኝ አላየሁትም። የሚጎዳ ሰው ነበር፣ ሰውየዋም ከፊቴ ነበረች።

ከቡድን ጫና ውስጥ በጣም የሚያስቸግረኝ ግን በትልቅ ዓላማ ስም የሚመጣው ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ፣ ሴት ተማሪዎች የሚሳተፉበት የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ዘመኑ የሚኒ ስከርት ዘመን ነው። የተማሪው ንቅናቄ ትርኢቱን የምዕራባውያን የባህል ወረራ አድርጎ አየውና ተቃውሞ ወጣ፤ ነገሩም ወደ ግጭትና ወደ ፖሊስ አመራ። ያ ትውልድ የገበሬውን መሬት ጥያቄ ያነሣ፣ ዘውዱን የሞገተ ትውልድ ነው፤ ድፍረቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ያን ዕለት ሜዳው ላይ ስለ ሴት ልጅ ጉርድ ርዝመት የጮኸው በአብዛኛው የወንድ ድምፅ ነበር። መድረክ ላይ የምትወጣዋ ልጅ ምን መልበስ እንደምትወድ፣ ለምን እንደምትወድ፣ ማን ጠየቃት? በአንድ በኩል ከውጭ የመጣው ፋሽን «ይህን ካልለበስሽ ኋላ ቀር ነሽ» ይላታል፣ በሌላ በኩል ጓዶቿ «ይህን ከለበስሽ ከሃዲ ነሽ» ይሏታል። ሁለቱም ሰውነቷን ባንዲራ መስቀያ ሲያደርጉት የእሷ ምርጫ መቆሚያ አጣ። ዛሬም ቲክቶክ አስተያየት ሥር ይኸው ክርክር፣ በሌላ ቃል፣ በየቀኑ ይካሄዳል።

እሺ፣ ግፊቱን ተቋቋምን እንበል። ከዚያስ? እምቢ ማለት ብቻውን ልብስ አይሆንም። የራስ የሆነ አለባበስ ከየት ይመጣል?

ከመኮረጅ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ወጣቶች በመኮረጃቸው እንዳያፍሩ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ያረፈው ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ኤልቪስ ፕሪስሊን ይኮርጅ እንደነበር የታወቀ ነው፤ አለባበሱን፣ ፀጉሩን፣ አዘፋፈኑን። በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ እየሠራ፣ በአማርኛ እያዜመ ሲሄድ ግን ያ የተኮረጀው ነገር ተለወጠ፤ ዛሬ ድምፁን የሰማ ሰው ኤልቪስን ሳይሆን ዓለማየሁን ነው የሚያስበው። ዐፄ ምኒልክም ትዝ ይሉኛል። ፎቶግራፋቸው ላይ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ ከሻሹ ላይ ከውጭ የመጣውን ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ ካባቸውን ደርበው ይታያሉ። ባርኔጣው የፈረንጅ ነው፣ ሻሹ የአገር ቤት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ራስ ላይ ያዋሐደው ሰው ግን ከሩቅ የሚታወቅ የራሱ መልክ አለው። ሁላችንም ከሌላ ሰው እንጀምራለን። ልዩነቱ የት ላይ እንደምናቆምና ከምን ጋር እንደምናዋሕደው ነው።

እኔን ከመኮረጅ ያሻገረኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። በዕድሜ የገፉ፣ በእግር የሚረገጥ የድሮ ሲንጀር መኪና ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ከስልኬ ላይ ፎቶ አሳይቼ «እንዲህ ስፉልኝ» አልኳቸው። ፎቶውን አይተው ስልኩን መለሱልኝና «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። አስተማሪ ነኝ አልኩ። «እንግዲያው ሰሌዳ ላይ ስትጽፊ እጅሽን ከፍ አድርጊ እስቲ» አሉ። ከፍ አደረግሁ። ፎቶው ላይ ያለው እጅጌ እጄን እንዲህ ባነሣሁ ቁጥር ከብብቴ ሊይዘኝ፣ ወገቡም ሊሰቀል እንደሚችል በሜትራቸው ለክተው አሳዩኝ። ከዚያ ስለ ቾክ ጠየቁኝ፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ የቾክ ብናኝ እንደሚታይ፣ ረጅም እጅጌ ጫፉ ሰሌዳውን እንደሚጠርግ ነገሩኝ። ከእሳቸው ቤት ስወጣ የተስማማነው በግራጫ ጨርቅ፣ ከክርን ትንሽ ወረድ የሚል እጅጌ ያለው፣ ከጎን ቾክና ቁልፍ የሚይዝ ጠለቅ ያለ ኪስ ያለው፣ ገበሩ ስስ የሆነ ቀሚስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሰፋሁት የሥራ ልብስ ሁሉ በዚያ ቀሚስ ልክ ነው፤ ቀለሙ ይለያያል፣ ኮሌታው ይለያያል፣ እጅጌውና ኪሱ ግን ያው ናቸው። ተማሪዎቼ ከኮሪደሩ ጫፍ ያውቁኛል። ስታይል ፍለጋ አልነበረም የሄድኩት፤ ጋሼ ግን ሰውነቴንና ሥራዬን አይተው እሱን ሰጡኝ።

ሌላው ትምህርት ቤቴ ልባሽ ተራ ነው። ቦንዳው ተፈትቶ ሸራ ላይ ሲዘረገፍ ማንነኪን የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ «አሁን የወጣው» የሚባል ነገር የለም። ያለሽ እጅሽ ብቻ ነው። እጅ ቀስ በቀስ ጥጥን ከፖሊስተር፣ ሱፍን ከድብልቅ መለየት ይለምዳል፤ ስፌቱን ገልብጦ ማየት፣ የቁልፉን አያያዝ መፈተን፣ ገበሩ ከላይኛው ጨርቅ ጋር መስማማቱን ማየት ይማራል። ማንም ሳይነግርሽ ደጋግመሽ የምታነሺው ቀለም የትኛው እንደሆነ ያኔ ታውቂዋለሽ። የእኔ የደረቀ ቅጠል ዓይነት ቡኒ ሆኖ ተገኘ።

ሽሮ ሜዳ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እንጦጦ ግርጌ፣ ሽመናውን ከጋሞ ደጋ ይዘው የመጡ ሸማኔዎች ትውልድ በትውልድ የሠሩበት ገበያ። ሱቆቹ ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ የሚወርድልሽ የወቅቱ ዲዛይን ነው፤ አንዲት ታዋቂ ሰው የለበሰችው፣ ከዚያ ሁሉም የለበሰው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ፎቶና ልኳን በቴሌግራም ልካ ታሰፋለች፤ ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ያንኑ ዲዛይን የለበሱ ሴቶች እንደሚያጋጥሟት ነግራኛለች። በዚህ ላይ ጥለት የሚመስል ሥዕል በፋብሪካ የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ከውጭ ገብቶ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሏል። አቅም የሌለው ቢገዛው አልወቅስም። ግን ጊዜ ያለው ሰው ከሱቁ አልፎ ሸማኔውን ራሱን ቢያገኝ እመክራለሁ። እኔ ያገኘሁት ሸማኔ ድሩ ላይ ተቀምጦ፣ የክር ቀለሞችን አንድ በአንድ ጥለቱ ላይ እያስቀመጠ አሳየኝ። ሁለት ጣት ስፋት ብቻ ያለው፣ ያንኑ ቅጠላማ ቡኒና ነጭ ያዋሐደ ጥለት መረጥኩ። «ቀጭን ነው፣ ሰው አያየውም» አለኝ። ለእኔ በቂ እንደሆነ ስነግረው ሠራልኝ፤ ስረከበው «ለካ እንዲህም ያምራል» ብሎ ከሌላው ትእዛዝ ጎን ዘርግቶ አየው። ዋጋው ከወቅቱ ዲዛይን አልበለጠም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሰልፍ የምትሸሸዋ ልጅ ከፊቴ አልጠፋችም። ለእሷ «ራስሽን ሁኚ» ብሎ መምከር ጭካኔ ነው። ግራጫ ቀሚስ፣ ቀጭን ጥለት፣ ያልተተኮሰ ፀጉር፣ እነዚህ ሁሉ ሌላውን መግዛት የሚችል ሰው ምርጫዎች ናቸው። ምርጫ የሌለው ልጅ የለበሰው ስታይል አይደለም። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ የድህነት ምልክት ሆኖ ሲሳቅበት ኖሯል፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አቋቁማ ያንኑ የጎማ ሶል ውጭ አገር ድረስ ስትሸጠው ግን ዓለም በወረፋ ገዛው። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ እናገራለሁ፣ ልጆቹም ይወዱታል። ግን ከምቾት የጎማ ጫማ የሚገዛ የውጭ አገር ሰውና ሌላ አጥቶ ያደረገው ልጅ አንድ አይደሉም፤ ይህንንም አብሬ እነግራቸዋለሁ።

ለዚያች ልጅ የሚጠቅመው ምክር ሳይሆን ትልልቆቹ የምናደርገው ነገር ነው። ትምህርት ቤቶች ጫማን «ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ምልክት የሌለው» ብለው መወሰን ይችላሉ፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ፣ ጫናውን ያቀልላል። ሰልፍ ላይ በአለባበሱ ጉድለት ልጅን ከፊት አውጥቶ ማቆም መቅረት አለበት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እርስ በርሳችን «ወፈርሽ»፣ «ጠቆርክ»፣ «ይቺን ቀሚስ አልጠገብሻትም?» የምንባባለውም ልጆች እየሰሙ ነው። የሚያንቋሽሹበት ቃል ከሌላ አገር አልመጣላቸውም።

እኔ የክፍል ኃላፊ እንደመሆኔ በእጄ ያለው አንድ ነገር የመቀመጫ ድልድል ነው። መስከረም ላይ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዝም ብዬ አያለሁ፤ ሳቅ ሲነሣ አብሮ የማይስቅ ልጅ ማነው፣ ሁሉም እጅ ሲያወጣ ወደ ጣሪያ የሚያየው ማነው፣ የራሱን ነገር ያለ ጩኸት የሚያደርገው ማነው። ከዚያ ወንበር ስቀያይር ሁለቱን እንዲህ ያሉ ልጆች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣለሁ። ለምን እንዳደረግሁት ለማንም አልናገርም። አንዳንዶቹ ወር ሳይሞላ ተጣልተው ለዩን ይላሉ፣ እለያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ግን ታኅሣሥ ላይ፣ የገና ፈተና ሲደርስ፣ በእረፍት ሰዓት አንድ ደብተር ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገኛቸዋለሁ። ወላጆች በስብሰባ ላይ «ልጄ ጫማ ካልገዛሽልኝ አልማርም አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለው ሲጠይቁኝም ከጫማው በፊት የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው፦ ቤት የሚመጣ አንድ ጓደኛ አለው? ከሌለው በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንን ምሳ ልትጠሩለት ትችላላችሁ?